አዲስ ቴፕ ተገጠመ፣ ቤዙ የት ሄደ?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ታናሽ ወንድሜ ደወለልኝ። ገና «ሄሎ» ሲል ቅር እንዳለው ያስታውቃል። «ቴፑን አስቀየርኩ። ስክሪኑ ያምራል፣ የኋላ ካሜራውም ይሠራል። ቤዙ ግን ጠፋ» አለኝ። ገጣሚውን ሲጠይቀው ያገኘው መልስ «ውፈሩ ተቃጥሏል፣ አዲስ ይገዛ» የሚል ነው። ውፈር ማለት ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምጽ፣ የሚያጫውተው ስፒከር ነው።

እኔን ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። ጠዋት መኪናዋን ሲያስገባ ውፈሩ ይሠራል። ከሰዓት ሲያወጣት «ተቃጥሏል»። በመሃል ውፈሩን የነካው ሰው የለም። ከኋላ ፕላስቲኩ እንደተከደነ ነው።

ይህን ታሪክ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ቴፕ መቀየር ደግሞ እኛ ዘንድ ቅንጦት ብቻ አይደለም። ከጃፓን በቀጥታ የመጡ የቆዩ መኪኖች ሬዲዮ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ነው። ሸገር 102.1ን አያነሳም፣ ፋና 98.1ንም አያነሳም። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍም ጃፓንኛ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጥር ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና ማስገባት ስለታገደ፣ ብዙ ሰው አዲስ መኪና ከማሰብ ያለችውን ማሳመር መርጧል። ስለዚህ አንድሮይድ ቴፕ የማይገጥም የዲኮር ቤት የለም ማለት ይቻላል።

ከዚህ በታች የምጽፈው በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ቴፕ ከተቀየረ በኋላ ዝም ያለ የፋብሪካ ውፈር አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ያጣው የሚቀሰቅሰውን ወይም የሚጫወተውን የሚያቀብለውን ነው። ይህን ሳያጣሩ አዲስ ውፈር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የፋብሪካውን ሽቦ መቁረጥ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው።

ቴፑ ብቻውን አይሠራም

ተራ ባለ 4 ስፒከር መኪና ላይ ሁሉንም የሚያጫውተው ቴፑ ነው። ውፈር ይዞ ከፋብሪካ የወጣ መኪና ግን ሌላ ዕቃ አለው። አምፕሊፋየር ይባላል፣ ባጭሩ አምፕ። ብዙ ጊዜ ወንበር ሥር ወይም ከኋላ ጎን ፕላስቲክ ውስጥ ስለሚደበቅ ባለመኪናው መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ለምን አስፈለገ? ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሞተር ሲነሳ የመኪናው ቮልቴጅ 14.4 አካባቢ ይደርሳል። ቴፑ ውስጥ ያለው ትንሽ ቺፕ ከዚያ ቮልቴጅ በላይ መግፋት አይችልም። በ4 ኦም ስፒከር ላይ (ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን ነው) ድምጹ ሳይበላሽ ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ 26 ዋት ነው፣ ያውም በወረቀት ላይ። በተግባር 20 አካባቢ ነው። ካርቶኑ ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ መጻፉ እንዳያታልላችሁ። ይህ ለበር ስፒከር ይበቃል። የቤዝ ጊታርን ወፍራም ክር፣ 41 ኸርዝ ላይ የሚርገበገበውን፣ በደንብ ለማሰማት ግን ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ውፈር የራሱ አምፕ የሚሰጠው።

እንግዲህ አምፑ እንዲሠራ አራት ነገር ይፈልጋል። ከባትሪ በፊውዝ በኩል የሚመጣ ቋሚ ኃይል። ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰር ኔጋቲቭ። «ተነስ» የሚለው ምልክት። በመጨረሻም የሙዚቃው ምልክት ራሱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ከመኪናው በቀጥታ ያገኛል፤ ቴፑ ቢቀየርም አይነኩም። የኋለኞቹን ሁለት የሚሰጠው ግን አሮጌው ቴፕ ነበር። ያ ቴፕ አሁን ወጥቷል።

ሶኬት ሳትፈቱ ሊታወቅ የሚችለው

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት መኪናዋ ውስጥ ተቀመጡ። አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱ፦ የበር ስፒከሮቹ ይጫወታሉ?

አንዳንድ መኪና ላይ አንዱ አምፕ የበሩንም የውፈሩንም ስፒከር ይነዳል። ሌላው ላይ አምፑ የውፈሩ ብቻ ነው፣ በሮቹ ከቴፑ ይነሳሉ። ሁሉም ዝም ካለ አምፑ አልተቀሰቀሰም ወይም ፊውዙ ሄዷል። በሮቹ እየተጫወቱ ውፈሩ ብቻ ዝም ካለ ደግሞ ሦስት ዕድል አለ። የውፈሩ አምፕ ለብቻው ነውና ተኝቷል። ወይም ነቅቷል፣ ግን ቤዝ አልደረሰውም። ወይም ደግሞ ገጣሚው አምፑን ዘሎ የበሩን ስፒከሮች በቀጥታ ከቴፑ ጋር አስሯቸዋል። ሦስተኛው በተለይ የሶኬት መቀየሪያ፣ አዲሱን ቴፕ ሽቦ ሳይቆረጥ ከፋብሪካው ሶኬት ጋር የሚያገናኘው፣ በሌለበት ቦታ ይበዛል።

ቀጥሎ ሬዲዮ ክፈቱ። ከዚያ ወደ ብሉቱዝ ቀይሩ። ውፈሩ በሬዲዮ እየሠራ በብሉቱዝ ወይም በፍላሽ የሚጠፋ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል፤ ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ የቴፑን የድምጽ ቅንብር ክፈቱ። ብዙ ቴፕ ከካርቶን ሲወጣ የሳብዉፈር መውጫው ተዘግቶ ነው። አብሩት። ሎው ፓስ የሚለውን 80 ኸርዝ ላይ አድርጉት። ይህ ከ80 በታች ያለውን ወፍራም ድምጽ ብቻ ለውፈሩ ያሳልፋል። ፌደሩን፣ ድምጹን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን፣ መሃል ላይ መልሱት። ይህን ሁሉ ለማድረግ 5 ደቂቃ አይፈጅም፣ ምንም አያስወጣም።

እጃችሁ ላይ አሮጌው ቴፕ ካለ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ፈተና አለ። የፋብሪካው ሶኬት ካልተቆረጠ አሮጌውን ቴፕ መልሳችሁ ሰኩት። ውፈሩ ከተጫወተ ውፈሩም አምፑም ጤነኛ ናቸው። ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ካልተጫወተ ፊውዝ ወደመፈለግ ትሄዳላችሁ። ቴፕ ሲገጠም ቋሚው ሽቦ ብረት ነክቶ ፊውዝ መብላቱ የተለመደ ነው። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ «አምፕ»፣ «ኦዲዮ» ወይም እንደ ቶዮታ «ራድ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። የተቃጠለውን በዚያው መጠን ተኩት። 15 አምፒር የነበረበት ቦታ 30 አታስገቡ፤ ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው።

የምትቀሰቅሰዋ ሽቦ

እኔ ካየኋቸው መኪኖች ብዙዎቹ የተጠለፉት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ትንሽ እንቆይ።

አምፑ ሁልጊዜ ከባትሪ ጋር የተገናኘ ቢሆንም ተኝቶ ነው የሚቆየው። ካልተኛ ባትሪ ይጨርሳል። ቴፑ ሲበራ በአንዲት ቀጭን ሽቦ 12 ቮልት ይልክለታል። በዚህች ሽቦ የሚሄደው ኃይል ኢምንት ነው፣ ሥራዋ መቀስቀስ ብቻ ነው። ቴፑ ሲጠፋ ቮልቴጁ ይቆማል፣ አምፑም ይተኛል።

ከገበያ የሚገዙ ቴፖች የሽቦ ቀለማቸው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ቢጫው ቋሚ 12 ቮልት ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣው ነው። ጥቁሩ ማሳ ነው። ሰማያዊ ሆኖ ነጭ መስመር ያለበት የአምፑ መቀስቀሻ ነው። ነጭ መስመር የሌለው ደፍን ሰማያዊ ደግሞ የአንቴና ነው። ነጩ የፊት ግራ ስፒከር፣ ግራጫው የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴው የኋላ ግራ፣ ሐምራዊው የኋላ ቀኝ ነው። እነዚያው ቀለሞች ጥቁር መስመር ሲኖራቸው የስፒከሩ ኔጋቲቭ ናቸው። ርካሽ አንድሮይድ ቴፖች ከዚህ ሊወጡ ስለሚችሉ ሽቦው ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ አንብቡ። «አምፕ» የሚል ቃል ካለባት እሷ ናት።

አሁን ወደ ሬዲዮውና ብሉቱዙ ጉዳይ እንመለስ። ብዙ ቴፖች ላይ ደፍኑ ሰማያዊ ሽቦ 12 ቮልት የሚሰጠው ሬዲዮ ሲከፈት ብቻ ነው። ሥራው አንቴና ማንሳት ነውና። ገጣሚው የአምፑን መቀስቀሻ ከዚህ ጋር ካሰረው ውፈሩ በሬዲዮ ይነቃል። ብሉቱዝ ስትከፍቱ ይተኛል። መፍትሔው ነጭ መስመር ወዳለበት ሽቦ ማዛወር ነው። የአሥር ደቂቃ ሥራ ናት።

የከፋው ስህተት የሚሠራው «አልነቃ አለ» ተብሎ መቀስቀሻው ከቢጫው ጋር ሲታሰር ነው። በዕለቱ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ቤዙ ተመልሷል። አምፑ ግን ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። መኪናዋ ሁለት ሦስት ቀን ቆማ ከዋለች ቁልፍ ስታዞሩ ጭጭ ትላለች። ከዚያ «ባትሪው አርጅቷል» ተብሎ ባትሪ ይገዛል። ቴፕ ካስገጠማችሁ በኋላ ባትሪ ማለቅ ከጀመረ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን። ከቀዩ ጋር ማሰር ከዚህ ይሻላል። ቁልፍ ሲወጣ አምፑም ይጠፋል። ግን ቴፑ ቢዘጋም አምፑ በርቶ ይቆያል፣ ሲነሳና ሲጠፋም «ዱም» ሊል ይችላል።

አንድ ሌላ ነገር። የዚህች ሽቦ አቅም ትንሽ ነው። ፓዮኒር ለምሳሌ ለቴፖቹ ከ300 ሚሊ አምፒር በላይ እንዳይጫን ይላል። ሁለት አምፕና አንቴና በአንድ ላይ ብታንጠለጥሉባት ወይ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ወይ የቴፑ መውጫ ይቃጠላል። ከአንድ በላይ ዕቃ ካለ ሪሌ፣ በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ፣ አስገቡ።

ለማረጋገጥ መልቲሜትር ይበቃል፣ ብዙዎች ቴስተር የሚሉት። ሶማሌ ተራ በርካሽ ታገኙታላችሁ። በቮልት ቀጥተኛ ኃይል ላይ አድርጉት። ጥቁሩን ጫፍ ንጹሕ ብረት ላይ፣ ቀዩን አምፑ ጋ ባለው መቀስቀሻ ላይ ያዙ። ቴፑ ሲበራ 12 አካባቢ፣ ሲጠፋ ዜሮ ካያችሁ ይህ ክፍል ደህና ነው። መለኪያው አምፑ ጋ መሆኑን ልብ በሉ። ቴፑ ጋ 12 ኖሮ አምፑ ጋ ዜሮ ከሆነ ሽቦው መሃል ላይ ተቋርጧል። እግረ መንገዳችሁን ቋሚውን ኃይልም ለኩ። ሞተር ጠፍቶ 12.6 አካባቢ፣ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት።

ነቅቷል፣ ግን ምን ይጫወት?

አምፑ ከነቃ በኋላም ዝምታው ከቀጠለ ጉዳዩ የሙዚቃው ምልክት ነው። እዚህ መኪኖቹ ይለያያሉ።

አንዳንዱ አምፕ የስፒከር ሽቦ ላይ ያለውን ትልቁን ምልክት ይቀበላል። ሌላው ትንሿን ነው የሚቀበለው፣ ከቴፑ ጀርባ ወደ አምፕ በሚሄደው በአርሲኤ ገመድ የምትወጣውን ዓይነት። ብዙ የፋብሪካ አምፖች ትንሿን በሁለት ሽቦ ነው የሚቀበሉት፤ ከሁለቱ አንዱም ማሳ አይደለም። ድምጽ የሚሆነው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህ የሚደረገው መንገድ ላይ የሚገባውን ጫጫታ ለማጥፋት ነው።

ትንሽ ለሚጠብቅ አምፕ የስፒከር ምልክት ከሰጣችሁት ድምጹ ይሰነጠቃል፣ ቴፑን ትንሽ ከፍ ስታደርጉ ይጮኻል። ለዚህ የድምጽ መጠን ማውረጃ የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ። ትልቅ ለሚጠብቅ ትንሽ ከሰጣችሁት ደግሞ ቤዙ ከሩቅ ቤት እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል። «ይሠራል ግን ደካማ ነው» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ናቸው።

አሁን አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ይህን በደንብ አንብቡት። የዛሬ ቴፕ የስፒከር ኔጋቲቭ ማሳ አይደለም። ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ከማሳ አንጻር የባትሪውን ግማሽ ያህል፣ 6 ቮልት አካባቢ ይይዛሉ። ጥቁር መስመር ያለበትን ሽቦ «ኔጋቲቭ ነው» ብሎ ብረት ላይ ያሰረ ሰው የቴፑን ቺፕ ይገድላል። የኋላዎቹን ሁለት ኔጋቲቮች አንድ ላይ መጠምዘዝም ያው ነው። በነገራችን ላይ ያ 6 ቮልት መለያም ይሆናችኋል። ቴፑ በርቶ አንድ ሽቦ ከማሳ ጋር ሲለካ 6 አካባቢ ካሳየ የስፒከር መውጫ መሆኑ ነው።

ቦዝ የሚል ጽሑፍ ስፒከራችሁ ላይ ካለ ደግሞ ይበልጥ ጠንቀቅ በሉ። ቦዝ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ለመኪናዋ ክፍል ተብሎ የተሠራ የድምጽ ሥርዓት ያቀረበው በ1983 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሎች ነው። ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ ስፒከሮቹ ከ4 ኦም በእጅጉ ያነሱ ናቸው፣ 2 ወይም 1 ኦም። እነዚህን ከተራ ቴፕ ጋር በቀጥታ ማሰር ቺፑን ያግለዋል። ሞቆ መጥፋት፣ ቀዝቅዞ መመለስ ይጀምራል፣ በመጨረሻ ይሞታል። የቦዝ መኪና ላይ አምፑን መዝለል አይሞከርም።

አሁን እኔ ራሴ ካወቅሁት በኋላ የገረመኝን ልንገራችሁ። ብዙ የፋብሪካ አምፖች ለውፈር የተለየ መግቢያ የላቸውም። ቤዙን የሚያወጡት ከፊት ወይም ከኋላ ስፒከር ምልክት ነው። ከዚያ ውስጥ ወፍራሙን ለይተው ለውፈሩ ይሰጣሉ። አዲሱ ቴፕ ደግሞ ሃይ ፓስ የሚባል ማጣሪያ አለው። ትንንሽ ስፒከሮች እንዳይጨነቁ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ይቆርጣል። ገጣሚው «ድምጹ ጥርት እንዲል» ብሎ ሃይ ፓሱን ከከፈተው ለአምፑ የሚደርሰው ቤዙ ቀድሞ የተገፈፈ ሙዚቃ ነው። ከሌለ ነገር ምን ይለያል? ቴፑ ላይ የቤዝ ቁጥሩን እስከ ጫፍ ብትወስዱት አይመለስም። ሃይ ፓሱን መዝጋት ብቻ ነው።

በዚያው መንገድ ፌደሩን ወደፊት የገፋ ሰው፣ አምፑ ቤዙን የሚያወጣው ከኋላ ከሆነ፣ ውፈሩን ሳያውቅ ዘግቶታል። ገጣሚው የፊት ሽቦዎችን ብቻ አስሮ የኋላዎቹን ትቶ ከሆነም ያው ነው።

ሌላው የሽቦ መገለባበጥ ነው። አምፑ ግራና ቀኝን ደምሮ ቤዝ ሲያወጣ የአንዱ ወገን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከተገለበጠ ሁለቱ ይጣፋሉ። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል። ዘፈኑ ይሰማል፣ ከበሮው ግን ባዶ ይሆናል። ፈተናው ቀላል ነው። ባላንሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አድርጉት። ግማሹ ድምጽ ተቀንሶ ቤዙ ከጨመረ የተገለበጠ ሽቦ አለ። አንዱን ወገን ብቻ አገላብጣችሁ እሰሩት።

ውፈሩ ራሱ ተበላሽቶ ከሆነ

ይህ በመጨረሻ የሚታይ ነው፤ መልሱም በሁለት ደቂቃ ይገኛል። የውፈሩን ሶኬት ንቀሉ። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ ለኩ። 4 ኦም የሆነ ውፈር ከ3 እስከ 4፣ 2 ኦም የሆነው 1.5 እስከ 2 ያሳያል። ምንም ካላነበበ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ተበጥሷል። አንዳንድ የፋብሪካ ውፈር ሁለት ጥቅልና አራት ሽቦ አለው፤ እያንዳንዱን ለብቻ ለኩ። መልቲሜትር ከሌለ የሪሞት ባትሪ፣ 1.5 ቮልቱን፣ ለአፍታ ነካ አድርጉበት። ጤነኛ ውፈር «ጠቅ» ብሎ ወደፊት ይወጣል፤ ወደኋላ ከገባ ባትሪውን አዙራችሁ ይዛችኋል ማለት ነው።

ውፈሩ ጤነኛ ከሆነ፣ ከስልካችሁ 50 ኸርዝ የሆነ አንድ ወጥ ድምጽ አጫውቱ። እንዲህ ዓይነት ድምጽ የሚያወጣ ነፃ አፕ ሞልቷል። መልቲሜትሩን ተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የአምፑን መግቢያ፣ ከዚያ መውጫውን ለኩ። መግቢያ ላይ ቮልት ኖሮ መውጫ ላይ ከሌለ ችግሩ አምፑ ነው። መግቢያውም ላይ ከሌለ ወደ ቴፑ ተመለሱ።

በብርሃን የሚነጋገሩ መኪኖች

ቢኤምደብሊው፣ መርሴዲስ፣ አውዲ፣ ቮልቮ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ቢኤምደብሊው 7 ሲሪስ ጀምሮ ብዙዎቹ ሞስት የሚባል መረብ ይጠቀማሉ። ድምጹ በሽቦ አይሄድም። በብርሃን መልክ፣ እንደ ክር በቀጠነ ገመድ፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየዞረ ይሄዳል። ቀለበት ነው። አንዱን ዕቃ ካወጣችሁት ቀለበቱ ይቆረጣል፣ አምፑም ይደነቁራል። እዚህ ላይ ሰማያዊ ሽቦ መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው። ለመኪናዋ ሞዴል የተሠራ መተርጎሚያ ሳጥን ያስፈልጋል፣ ወይም አሮጌው ቴፕ እዚያው ሆኖ አዲሱ በላዩ መሥራት አለበት።

ሌሎች መኪኖች ላይም አምፑ የሚነቃው በሽቦ ምልክት ሳይሆን ካን በሚባለው የመኪናው የመረጃ መስመር ሊሆን ይችላል። አንድሮይድ ቴፕ አብራው የምትመጣ ትንሽ ጥቁር ሳጥን አላት፤ «ካንባስ» ይሏታል። የመሪ ቁልፎቹን ብቻ የምታሠራ ይመስላል፣ አንዳንዴ ግን አምፑን የምትቀሰቅሰውም እሷ ናት። ቴፑ ውስጥ የመኪናው ዓይነት በስህተት ተመርጦ ከሆነ የማይመለከታትን ቋንቋ ትናገራለች። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ትክክለኛውን ሞዴልና «አምፕ ያለው» የሚለውን መምረጥ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ።

ስለ ጫጫታም ባጭሩ። ቤዙ ተመልሶ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ከመጣ የዲናሞው ድምጽ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቴፑና አምፑ በተለያየ ቦታ ማሳ ይዘው በመካከላቸው ጥቂት የቮልቴጅ ልዩነት መኖሩ ነው። የቴፑን ማሳ ቀለም በሌለበት ንጹሕ ብረት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። አርሲኤውን ከኃይል ሽቦ ጋር አንድ ላይ አታስኪዱ፣ በሌላው ጎን አሳልፉት።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ ሥራችሁ ቀላል ነው። የመኪናውን ዓመትና ሞዴል ነግራችሁ የአምፕ ያለውን የሶኬት መቀየሪያ ትገዛላችሁ። ያለ አምፕ የሆነው ሞዴል መቀየሪያ ሌላ ነው፣ ሲገዛ ይለይ። ቶዮታ ላይ ባለ 10 እና ባለ 6 ፒኑ የተለመደው ሶኬት ይገባል፣ ግን የአምፑን መስመር ላይነካ ይችላል። አገር ቤት ላለ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይህን መቀየሪያ መክተት ጥሩ ስጦታ ነው። ሽቦ ከመቁረጥ ያድናል።

የወንድሜን ነገር ልጨርስ። እሑድ ጠዋት ክሩስኮቱን ከፈትን። ነጭ መስመር ያላት ሰማያዊ ሽቦ በናስትሮ ተጠቅልላ ወደኋላ ታጥፋለች። ማንም አልነካትም። መኪናው በኩል ያለውን መቀስቀሻ ፈልገን፣ በመልቲሜትር አረጋግጠን አገናኘናት። ውፈሩ ነቃ፣ ግን ድምጹ ቀጭን ነበር። ሃይ ፓሱ 120 ኸርዝ ላይ ተከፍቶ ነው የተገኘው። ዘጋነው። ወንድሜ የሚወደውን ዘፈን ከፈተና ከኋላ ያለው ፕላስቲክ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አሮጌው ቴፕ የት ነው? ገጣሚው ጋ ትቶት መጥቷል። ሰኞ ሄዶ ከነሶኬቱ አመጣው። አሁን ከኋላ ወንበር ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል።